ጉምጉምታው ከየት ይመጣ ነበር? የባሕር ዳር የሃይ-ፋይ ማስታወሻ

ወዳጆች፣ ከስፒከሮቼ የሚወጣው ጉምጉምታ ምን ደረሰ ብላችሁ ባለፈው ለጠየቃችሁኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው፦ ጉምጉምታው ጠፍቷል። ማጉያውን (አምፕሊፋየሩን) አልቀየርኩም፤ ስፒከሮቹም የድሮዎቹ ናቸው። የተቀየረው ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ እስከ ማጉያው መግቢያ ያለው መንገድ ነው፤ እዚያም ላይ ከተጨመረው ይልቅ የተነሣው ይበልጣል።

አዲስ ለተቀላቀላችሁን፣ ዕቃዎቼ እነዚህ ናቸው፦ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራ የጃፓን ማጉያ፣ ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች፣ ሙዚቃ የማጫውትበት ላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ የሚገናኝ ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠው ሣጥን። ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ለማድመጥ ሳይሆን ለመበየድ የተፈጠሩ ወራት ናቸው። የድሮ ማጉያ የምትገዙ ሰዎች፣ ከምንም በፊት ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው፤ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ቮልት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ) ነው። ቮልቴጅ መምረጫ ያለው ከሆነ እሰየው፣ ከሌለው ግን ማውረጃ ትራንስፎርመር ሳታዘጋጁ እንዳትሰኩት።

ለመፈተኛ የመረጥኩት በገና ነው። ምክንያቱ ዐቢይ ጾም በመሆኑ ብቻ አይደለም። የበገና አሥሩ ጅማቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራሉ፤ ጅማቱ ከሚያርፍበት እንጨት ጋር በሚገናኝበት ቦታ የምትገባው እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ደግሞ ያንን የሚነዝር ዝማሬ ትሰጠዋለች። ከማጉያው የሚወጣው ጉምጉምታ እዚያው ዝቅተኛ ክልል ውስጥ ስለሚያርፍ ከበገናው ጋር ይቀላቀላል። ከበሮና ሳክስፎን በበዛበት ሙዚቃ ላይ ምንም የማይሰማችሁ እንከን፣ ደርዳሪው ለአፍታ እጁን ሲያሳርፍ ፍንትው ብሎ ይወጣል። በገናው ዝም ሲል ክፍሉ ዝም አይልም ነበር።

መጀመሪያ ያደረግኩት የጉምጉምታውን ዓይነት መለየት ነው። ስልኬ ላይ ስፔክትረም፣ ማለትም ድምፁን በየኸርዙ ለይቶ የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ ጭኜ ወደ ስፒከሩ አስጠጋሁት። ይህ ሥራ ዋጋ የማይጠይቅ ቢሆንም ብዙ ገንዘብ ያድናል። ጎልቶ የሚወጣው 100 ኸርዝ ከሆነ ጥርጣሬው በማጉያው ውስጥ ባሉት ኤሌክትሪክ እያጠራቀሙ የሚያለሰልሱ ትልልቅ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ላይ ነው፤ ተመላላሹን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥታ የሚለውጠው ሬክቲፋየር የ50 ኸርዙን ሞገድ ሁለቱንም ግማሽ ስለሚጠቀምበት ያልተጣራው ትርፍ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። 50 ኸርዝና ከበላዩ 150፣ 250 እያለ የሚወጣ ከሆነ ግን ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ነው፦ በዕቃዎቹ መካከል ካለው የመሬት መስመር (የሾለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ከሚወስደው ሽቦ) ወይም ትራንስፎርመር አጠገብ ካለፈ ገመድ። የእኔ 50 ነበር። ካፓሲተር ቀይር ያሉኝን ሰዎች ያልሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምልክት ማጉያውን ስነካው እጄን በስሱ ይነዝረኝ ነበር። ይህን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሆኖ የብረቱን ጠርዝ በክንዳችሁ ስትዳስሱ የሚሰማው ዓይነት ነው። እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ባሉ አዳፕተሮች ውስጥ የግድግዳውን ወገንና የውጤቱን ወገን የምታገናኝ ትንሽ ካፓሲተር አለች። ሥራዋ የሬዲዮ ሁከትን ማብረድ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ኤሌክትሪክም ታሾልካለች። ሶኬቱ የመሬት መስመር ከሌለው ዕቃው ሁሉ ከመሬት ጋር ሳይገናኝ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ በቴስተር ስትለኩት ወደ 100 ቮልት ገደማ ያሳያችኋል። ኤሌክትሪኩ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። ይህ የሚሠራው ግን ለጤነኛ አዳፕተር ነው። በብረት አካሉና በመሬት መካከል የሞካሪ አምፖል ከበራ ሌላ ብልሽት አለና ወዲያው ንቀሉ።

ያ የሾለከው ኤሌክትሪክ መውጫ ይፈልጋል። የሚያገኘው መንገድ ደግሞ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ዳክ፣ ከዳክ በድምፅ ገመዱ የሽቦ መሸፈኛ ወደ ማጉያው ነው። የገመዱ መሸፈኛ ጥቂትም ቢሆን የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ (ሬዚስታንስ) ስላለው በላዩ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ማጉያው ደግሞ ያንን ከሙዚቃው ለይቶ ማወቅ አይችልም፤ አብሮ ያጎላዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ሙዚቃው እየተጫወተ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። በባትሪ ሲሠራ ጉምጉምታው ከረገበ፣ ጥፋቱ የዳኩም የማጉያውም አይደለም። የእኔ ወዲያውኑ ረገበ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሥራዎች ቀሩኝ፤ የመሬት መስመሩን ማስተካከልና ላፕቶፑን ማባረር።

ሶኬቶቼ ባለሦስት ቀዳዳ ቢሆኑም ሦስተኛው የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። ይህ በብዙ ቤቶች ያለ ነገር ነው፤ ሶኬቱ ለወጉ ተገጥሞ የመሬቱ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ ለመሬት መስመሩ በመዳብ የተለበጠ ዘንግ ጓሮ አስተከልኩ። የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ሰውየው ጓሮውን ሲቆፍር አይተው «ደግሞ ምን ልትቀብርብኝ ነው?» አሉኝ፤ ፍሪጃቸውም እንደሚጠቀም ስነግራቸው ቡና አፈሉልን። እዚህ ሐይቁ አካባቢ መሬቱ እርጥበት መያዙ ለዚህ ሥራ በረከት ነው፤ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ ያላችሁ ከአንድ በላይ ዘንግ ሊያስፈልጋችሁ ይችላል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ዘንግ ብቻውን ከአደጋ አይጠብቅም። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጥ ብሬከር አብሮ መገጠም አለበት፤ በዘንጉ በኩል የሚፈሰው ብዙ ጊዜ ተራውን ብሬከር ለመጣል አይበቃምና። ይህን ሥራ በራሳችሁ አትሞክሩት። ከዚያ ሁሉንም የድምፅ ዕቃዎች በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካኋቸው፤ አንዱ ከዚህ ግድግዳ፣ ሌላው ከወዲያኛው ግድግዳ ሲሰካ የመሬቱ መስመር ክብ ይሠራልና ጉምጉምታው በሌላ በር ይመለሳል።

መንዘሩ በዚያው ቀን ቀረ። ጉምጉምታው ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ስለ ቮልቴጅ ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችሁ ስታብላይዘር ግዛ ብላችሁኝ አንዱን ሞክሬ ነበርና። አንድ ወዳጄ ደግሞ በተቃራኒው፣ የጣና በለስ ጣቢያ ከዚሁ ከሐይቃችን ውኃ እየሳበ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እያለው የባሕር ዳር ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ጥራት ሊያማርር አይገባም ይላል። የጣቢያው መቅረብ ለእኔ ሶኬት ምንም አይፈይድም፤ ወሳኙ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቴ ያለው ሽቦ ርዝመትና ውፍረት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ማለትም 16 አምፔር ያህል ይስባል። ጎረቤት ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ቴስተሬ 190 ሲል፣ ሌሊት ከ230 በላይ ይላል። ይህ ግን በድምፅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሚታሰበው በታች ነው። ማጉያው የሚያገኘው ቮልቴጅ 15 በመቶ ቢወርድ ከፍተኛ ጉልበቱ 28 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህም በጆሮ ሲመዘን 1.4 ዴሲቤል ብቻ ነው። ማታ ቀስ ብሎ ለሚያደምጥ ሰው ምንም ማለት አይደለም። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚገለበጥ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚሠራው ርካሽ ስታብላይዘር ግን ቀጭ ባለ ቁጥር በስፒከሩ ውስጥ ይሰማል። ማጉያዬን ከእሱ ላይ ነቅዬ በቀጥታ ሰካሁት። የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ የሚያቋርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ነው፤ ዕቃ የሚያቃጥለው በአብዛኛው ከፍታው ነውና።

ወደ ላፕቶፑ ስመለስ፣ በእሱ ቦታ ራስፕቤሪ ፓይ 3 የሚባል ትንሽ ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ገባ። ስክሪን የለው፣ ቁልፍ ሰሌዳ የለው፣ ማራገቢያ የለው፤ የማዘው በስልኬ ነው። ከላዩ የዳክ ሰሌዳ በቀጥታ ስለሚሰካ የዩኤስቢ ገመዱም፣ የዩኤስቢ ሣጥኑም፣ የሣጥኑ አዳፕተርም ከመንገድ ወጡ። ድምፁ በሰሌዳዎቹ መካከል በሦስት አጫጭር መስመሮች ይተላለፋል፦ አንዱ ዳታው፣ አንዱ የግራና የቀኝ መለያ፣ አንዱ የእያንዳንዱ ቢት ምት። ለሲዲ ጥራት፣ ማለትም በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ይህ ምት አብዛኛውን ጊዜ 2.8224 ሜጋ ኸርዝ ነው። የራሱ ኦሲሌተር (ምት ሰጪ) ያለውን ሰሌዳ የመረጥኩት ምቱን ኮምፒውተሩ ሳይሆን ዳኩ እንዲመታ ነው። ላፕቶፑን በምጠቀምበት ጊዜ ደግሞ የስርዓቱ ድምፅ ማደባለቂያ ሁሉንም ፋይል በሰከንድ ወደ 48,000 ናሙና እየለወጠ ያሳልፈው ነበር፤ አሁን ፋይሉ እንዳለ ይሄዳል። የፕሮግራሙን የድምፅ መጠን ሙሉ ላይ አቁሜ የማስተካክለው በማጉያው ቁልፍ ነው።

ለእኛ አገር አንድ ምክር፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ የፓይ የማስታወሻ ካርድ በመጻፍ ላይ ከሆነ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፒኮርፕሌየር የሚባለውን የፓይ ሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም መረጥኩ፤ ሲነሣ ራሱን ወደ ራም ገልብጦ ከዚያ ስለሚሠራ ካርዱን አይነካካውም። መብራት በፈለገው ሰዓት ይጥፋ።

ቀጥሎ የኃይል ምንጩ። ለፓይ በእጄ ሊኒየር ሰፕላይ (ኤሌክትሪኩን ሳይቆራርጥ የሚያወርድ የኃይል ምንጭ) ሠራሁለት፦ ትራንስፎርመር፣ ሬክቲፋየር፣ 4,700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሳይዋዥቅ 5 ቮልት የሚሰጥ 7805 የሚባል ሬጉሌተር። መጽሐፍ ላይ ያለውን ስሌት እንዳትቀዱ፤ ስሌቱን በሰፈራችሁ የምጣድ ሰዓት አስሉት። 6 ቮልት ትራንስፎርመር ከሬክቲፋየሩ በኋላ 7 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ፓይ 0.6 አምፔር ሲስብ ካፓሲተሩ ላይ 1.3 ቮልት ያህል መዋዠቅ አለ፤ 7805 ደግሞ ከውጤቱ 2 ቮልት ብልጫ ይፈልጋል። በሙሉ ቮልቴጅም አይበቃም። 9 ቮልቱ ግን መስመሩ 180 ቢደርስ እንኳ ከሬክቲፋየሩ በኋላ 9 ቮልት ያህል ይተርፈዋል። የሚከፈለው ዋጋ ሙቀት ነው፤ ሌሊት መስመሩ ከፍ ሲል ሬጉሌተሩ ላይ አራት ዋት ያህል ይቃጠላል፤ ስለዚህ ደህና የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። ሊኒየር ሰፕላይ ማሲንቆውን ያለሰልሳል፣ የድምፁን መድረክ ያሰፋል ሲባል እሰማለሁ። ታናሽ እህቴን ከመጋረጃ ጀርባ ሆና፣ ሳትነግረኝ በሊኒየሩና በተራው አዳፕተር መካከል እንድትቀያይር ለመንኳት። በገናም ማሲንቆም እየተጫወተ፣ ሙዚቃው ላይ ልዩነት መለየት አልቻልኩም። የለየሁት በዝምታው ላይ ብቻ ነው፤ በአዳፕተሩ ጊዜ የቀረችው ቀጭን ጉምጉምታ በሊኒየሩ ጊዜ የለችም። ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም፤ ተራ ትራንስፎርመር ያቺ አሾላኪ ካፓሲተር የለችውም። ከዚያ በተረፈ፣ ፓይ ራሱ በሰሌዳው ላይ 5 ቮልቱን ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚያወርዱ ስዊቺንግ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በፍጥነት የሚቆራርጡ ሬጉሌተሮች አሉት፤ ከፊቱ ያስቀመጣችሁት ንጽሕና እዚያ ሲደርስ እንደገና ይቆራረጣል።

ፓወር ባንክ የሚሻል የመሰላችሁም ነበራችሁ። ባትሪ ነውና ከግድግዳው ይለያል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ውስጡ ያለው ሴል 3.7 ቮልት ገደማ ስለሆነ ወደ 5 ቮልት የሚያወጣው ያው ስዊቺንግ ነው። ወፍራም የግድግዳ ገመዶችን በተመለከተ፣ ከምሰሶው ጀምሮ ቀጭን ሽቦ አልፎ ለመጣ ኤሌክትሪክ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር ማወፈር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሊቀየመኝ የሚፈልግ ይቀየመኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሱቅ በፍላሽ የተገለበጠ 64 ኪሎቢት ኤምፒ3 በየትኛውም የኃይል ምንጭ አይድንም። የራሴን ሲዲዎች ወደ ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ወደሚያምቅ የፋይል ዓይነት) ስገለብጥ ያገኘሁት ለውጥ በመበየጃ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል።

አሁን የቀረኝ የክረምቱ ዝግጅት ነው። ከሐይቁ በላይ የሚነሣው መብረቅ በመከላከያ ብቻ የሚቆም ስላልሆነ ደመናው ሲጠቁር ማጉያውንም፣ የዲሹን ገመድም፣ የኢንተርኔቱን መስመርም እነቅላለሁ። ከዚያ ፓዩን ከግድግዳው ጨርሶ ለመለየት አራት የሊቲየም አይረን ፎስፌት የባትሪ ሴሎች ደርድሬ በ12.8 ቮልት ላሠራው አስቤያለሁ፤ ሬጉሌተሩ ያው የሠራሁት ይሆናል፣ ማቀዝቀዣው ግን መተለቅ አለበት። ከእናንተ መካከል እነዚህን ሴሎች አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር በችርቻሮ ያገኘ ካለ፣ የሴሎቹን ሚዛን የሚጠብቀውን ሰሌዳ ጭምር ከየት እንዳገኘ ይጻፍልኝ።