ጭሱ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ

ከደሴ የሚመጣ መኪና ኮምቦልቻ ላለው ጋራዣችን አንድ ፈተና አለው። ሞቆ ነው የሚደርሰው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዞ እስኪወርድ ዘይቱ ቀጥኗል፣ ብረቱ ሰፍቷል። ጠዋት ሰፈር ሲረብሽ የነበረ ፒክአፕ እኛ በር ላይ ሲቆም ጨዋ ነው። ባለቤቱ ይምላል፣ እኛ ጆሮ እናቆማለን፣ ሞተሩ ምንም የለበትም።

ታኅሣሥ ላይ የመጡት ሐጂ ነገር እንዲሁ ነው የጀመረው። የእህል ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሰኞ ሰኞ ግን ባቲ ገበያ ነው የሚውሉት። መኪናቸው ሃይሉክስ ነው፣ ቪጎ የምንለው፣ ዲ ፎር ዲ የሚባለው ባለ 3 ሊትር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው።

«ጠዋት ሳስነሳት ቲክ ቲክ ቲክ ትላለች» አሉ። «ከኋላ ደግሞ ጭስ! ወላሂ፣ ጎረቤቱ መስኮት ይዘጋብኛል።»

እኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ጋራዥ አሳይተዋት ነበር። እዚያ ያዩት ሰዎች ብዙም አልቆዩባትም። ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድና ሙሉ እድሳት ይደረግለት ብለዋቸዋል። ሐጂ የተጠየቁትን ብር ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

የዚያ ጋራዥ ስሌት ይገባኛል። በእኛም ሙያ የተለመደ አባባል ነው። ጭስ ካለ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች)፣ ድምፅ ካለ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ)፣ ሁለቱም ካሉ ሞተር ማውረድ። ችግሩ፣ ሁለት ምልክት በአንድ ሰዓት ስለመጣ የአንድ በሽታ ልጆች ናቸው ማለት አይደለም። አንዳንዴ የሚያገናኛቸው ሰዓቱ ብቻ ነው።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ጥያቄ ጀመሩ።

«ሐጂ፣ ጭሱ ነጭ ነው ሰማያዊ?»

«ጎህ ሳይቀድ ሁሉም ግራጫ ነው።»

«ሽታውስ?»

«ዓይን ያቃጥላል።»

«ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«ሱብሒ ሰግጄ አስነሳታለሁ። ሻይ ጠጥቼ ስወጣ ጠፍቷል።»

«የዘይቱ መብራትስ? እንደተነሳች ወዲያው ይጠፋል?»

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። «እሱስ ትንሽ ይቆያል። ለምጄዋለሁ።»

ጋሼ እዚህ ጋ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም።

የቀለሙን ነገር ላስረዳ፤ ብዙ ሰው «ያጨሳል» ብሎ ብቻ ነው የሚመጣው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ሲቃጠል ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎማዎች ደርቀው ሌሊቱን ዘይት አንጠባጥበዋል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ፣ በተለይ ጭነት ላይ ሰማያዊ ከሆነ ወደ ፋሻ ወይም ወደ ተርቦ ነው የሚያመራው። ጥቁር ደግሞ ናፍጣው ከአየሩ ሲበልጥ ነው። ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ጥቁር የሚተፋ መኪና ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮው ነው የታፈነው፤ አራግፈው ያዩት። ነጩ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጣፈጥ ያለ ሽታ አለው፣ የራዲያተር ውሃም ይጎድላል። እሱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ነው፤ ለነገ አይባልም። ሌላው ነጭ ዓይን ያቃጥላል፣ ጥሬ ናፍጣ ይሸታል። ይሄ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው።

ለቤንዚን ፒክአፕ ደግሞ ሐረጎ ራሱ መመርመሪያ ነው። እግር ከቤንዚን ላይ አንስቶ በማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ውስጥ የመሳብ ኃይል ይበረታል። የቫልቩ ጎማ ካለቀ በዚያው ዘይት ይስባል። ታች ሜዳው ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ ሰማያዊ ደመና ይወጣል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ይሄንን በመስታወት እያየ ሁለት ዓመት ሲነዳ ነበር። ናፍጣ ሞተር ግን አሳሳቡ ሌላ ስለሆነ በዚህ መንገድ ለመፍረድ አይመችም።

ወደ ሐጂ ልመለስ። መኪናዋ እኛ ግቢ አደረች። ጠዋት ስናስነሳት ስስ ቲክ ቲክ አለች፣ ጭሱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሐጂ ተቀየሙ።

«እና እኔ ዋሸሁ?»

አልዋሹም። ናፍጣ ሞተር የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። አየሩ ተጨምቆ ሲግል ነው ናፍጣው የሚነድደው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ሞቃት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የታኅሣሥ ውርጭ አለ። ሞተሩ የሚጨምቀው አየር የሳሳም የቀዘቀዘም ነው። ኮምቦልቻ ላይ የተደበቀ ድካም ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ይገለጣል።

ጋሼ «መኪናዋን የምናያት ያደረችበት ነው» አሉ። ሐጂ መኪናዋን ይዘው ደሴ ተመለሱ፤ እኔና ረዳታችን ጋሼን ተከትለን ልንወጣ ሆነ። ማታ ለሐጂ ደውለን፣ አደራ፣ እኛ ሳንደርስ እንዳያስነሷት አልን። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ደሴ ስንደርስ ሐጂ ቁልፉን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «እንግዶች ናችሁ፣ ላሙቃትላችሁ ብዬ ነበር እኮ» አሉን። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት እጃቸውን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። በረዶ ነው። ጥሩ።

ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ አሽከረከራት። ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ሐጂ እውነታቸውን ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። ነጭ ካርቶን የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያዝኩ። የረጠበው በናፍጣ ነው፤ የዘይት ነጠብጣብ የለም፣ የጣፈጠ ሽታም የለም። ራዲያተሩም ሙሉ ነው።

እዚህ ላይ ረዳታችን ሥራ ለማፋጠን ብሎ መፍቻ አነሳ። በድሮዎቹ ናፍጣ ሞተሮች አንድ ዘዴ አለ። ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የአንዱን ቱቦ ላላ አድርጎ የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ማወቅ ይቻላል። ጋሼ እጁን ቀጨም አደረጉት።

«አንተ! ይሄ ዲ ፎር ዲ ነው!»

ልጁ ደነገጠ። ጋሼ ጮኸው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,300 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። የመኪና ጎማ ሁለት ሦስት ባር ነው። ከላላ ብሎን ሥር የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነው የሚመስለው፤ ቶሎ ካልታከመ ጣት የሚያስቆርጥ ጉዳት ነው። ጓንት አያድንም። ድሮ የተማርነው ሁሉ አዲሱ ሞተር ላይ አይሠራም፤ አንዳንዱ ያስቀጣል።

ሞተሩን አጠፋን። ሲሊንደሮቹን በብርድ የሚያሞቁትን አራቱን ካንዴሌታዎች አንድ በአንድ በመለኪያ ፈተሽን። ጤነኛው አንድ ኦም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። ሁለቱ ጨርሶ አያስተላልፉም፤ ተቃጥለዋል። በቃ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በውርጭ ያለ ማሞቂያ ነው የሚነሱት። ናፍጣው ሳይነድድ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ሞተሩ ሲሞቅ ሁሉም ይስተካከላል።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ። «እንግዲያ ሞተሬ ደህና ነው። ቀይሩልኝና እንገላገል።»

«የጭሱን ጨረስን ሐጂ» አሉ ጋሼ። «ድምፁን ገና አልነካነውም።»

«ድምፁንስ ለምጄዋለሁ እኮ። እኔን ያሳፈረኝ ጭሱ ነው።»

ብዙ ባለ መኪና እንደዚህ ነው። ጭስ ሰው ያያል፣ ይታፈርበታል። ድምፅ ግን ሬዲዮ ከፍ ሲደረግ ይጠፋል።

ዲ ፎር ዲ ኢንጀክተር በተፈጥሮው ቲክ ይላል። ስለዚህ ቲክ ማለቱ ብቻ ወንጀል አይደለም። የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋም ቲክ ይላል፤ እሱ ግን ሲሞቅም ብዙ ጊዜ አይተውም። የብሮንዚን ድምፅ ደግሞ ቲክ ሳይሆን ዱግ ዱግ ነው። ከሥር ይመጣል፣ ጭነት ሲበዛ ይብሳል። ብርድ ላይ ጎልቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት የሚያፈስ ነገር ነው። አንድ ቦታ ጋዝ እየሾለከ ነው፣ ብረቱ ሲሰፋ ይደፈናል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የጭስ ማውጫው ከቴስታታው ጋር የሚጋጠምበትን ነው። እዚያ ቢያፈስ ጥቁር የጥላሸት ፈለግ ይተው ነበር። በባትሪ አየነው፣ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን መልሰን አስነሳንና ረጅም ካቻቢቴ። ጫፉ ሞተሩ ላይ፣ እጀታው ጆሮ ላይ። በሦስተኛው ኢንጀክተር አካባቢ ቲክ ብቻ ሳይሆን ጩፍ ጩፍ የሚል ትንፋሽ አለበት። ጋሼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው መዳፋቸውን ዘረጉበት። ጋዙ ከድምፁ ጋር እኩል እየመታ ይወጣል። «ነይ ኮምቦልቻ» አሉ መኪናዋን።

እዚያ ኢንጀክተሮቹን አወጣናቸው። ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር አንዲት ትንሽ የመዳብ ቀለበት አለች። ሥራዋ ከሲሊንደሩ ውስጥ የሚነድደው ጋዝ ሽቅብ እንዳይሾልክ ማድረግ ነው። የሦስተኛው ቀለበት ላይ ጋዝ የሄደበት ጥቁር መስመር ይታያል። ዙሪያው ጥላሸት ጋግሯል።

የዚህ ሞተር ክፉ ነገር፣ ሾልኮ የወጣው ጋዝ ውጭ አይሄድም። የቫልቭ ክዳን ሥር ይገባል። ጥላሸቱ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ይወርዳል፣ ታች ኮፓ በሚባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ኮፓው ውስጥ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት አለ። ኮፓውን አወረድነው። ወንፊቱ ከግማሽ በላይ ተደፍኗል። የደፈነው ነገር ጀበና ግርጌ የቀረ አተላ ይመስላል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በጣት ሲነካ የላመ።

የዘይቱ መብራት ጠዋት የሚዘገየው ለዚህ ነበር። በብርድ ዘይት ይወፍራል። ወፍራም ዘይት በተደፈነ ወንፊት ለማለፍ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ብሮንዚኑ በደረቁ ይዞራል። ሐጂ የለመዱት ነገር ይሄ ነው። ትንሽ ወራት ቢቀጥል፣ ያ ሌላው ጋራዥ ያለው ነገር በገዛ እጁ እውነት ይሆን ነበር።

እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሐጂ እሺ ብለው ሞተሩን ቢያሳድሱ ኖሮ ፋሻው ይቀየራል፣ ብሮንዚኑ ይቀየራል፣ ብሩ ይከፈላል። ቀለበቶቹን ማንም ካላሰበባቸው ግን አዲሱም ሞተር ያንኑ ጥላሸት ይጠጣል።

አራቱንም ቀለበት በአዲስ ቀየርን። ያገለገለ የመዳብ ቀለበት መልሶ መግጠም ክልክል ነው፤ አንዴ ተጨምቆ ቅርጹን ይዟል። የሚያርፉበትን ቦታም በጥንቃቄ ጠረግን፤ ትንሽ ጥላሸት ከቀረ አዲሷም ታፈሳለች። ብሎኖቹን በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ አጠበቅን። ወንፊቱ ታጠበ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ። ካንዴሌታውን በተመለከተ ጋሼ አራቱንም እንቀይር አሉ፤ ሁለቱ ከሞቱ ሌሎቹም ሩቅ አይደሉም።

ክርክሩ የመጣው ዘይቱ ላይ ነው። ጋሼ ከአጭር ጉዞ በኋላ እንደገና ይቀየራል አሉ፣ ውስጥ የቀረውን ጥላሸት አጥቦ ያውጣው ብለው።

«ሁለቴ ዘይት? ሙሽራ ናት እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«አብሽር ሐጂ፣ የሁለተኛውን እጅ አንጠይቅም።»

ሁለተኛው ዘይት ሲወጣ ጥቁር ነበር፤ ያለ ጭቅጭቅ ከፈሉ።

አሁን ከደሴ ለሚደውል ደንበኛ ሁሉ የጠዋቱን ቪዲዮ በቴሌግራም እናስልካለን። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና መሆን አለበት። መጀመሪያ ዳሽቦርዱን ይቀርጻል፣ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ድምፁን። ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላ ቆሞ ጭሱን፣ በባትሪ እያበራ፣ ቀለሙ እንዲለይ። ሬዲዮ ይጠፋል። አንዳንዱ ሰው ማውራት አያቆምም፣ ሞተሩን ትተን የእሱን ትንታኔ እንሰማለን።

ሐጂም ከጥገናው በኋላ አንድ ላኩልን። ግማሹ አውራ ጣታቸው ነው። ከጣታቸው ጀርባ መብራቱ ወዲያው ሲጠፋ ይታያል፤ ኢንጀክተሮቹም እንደ ወጉ ቲክ ቲክ ይላሉ፣ ጩፍታው የለም። ከሥሩ ጽፈዋል፦ «ይሄ የቀረው ቲክ ቲክስ?»