የአባቴ ትዝታና ሬዲዮው

ትናንት ማታ ከአባቴ ጋር ስለ ድሮው የጎጃም ቢቸና ስንጫወት የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። "ጭሰኛ ሆነን ስንበዘበዝ ኖረን፣ በ67 መሬት ላራሹ ታወጀና ተገላገልን" አለኝ።

አያቴ እኮ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ አልነበረም። ከዘር የወረደ የራሱ መሬት ያለው ባለርስት ነበር። በ1960 የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ እሱም ጠመንጃውን አንግቶ ወጥቷል። ዛሬ ሰብሌን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከዚያ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ነው። አመፁ የጎጃምን ጠቅላይ ገዢ ከሥልጣን እስከማስነሳት ደርሷል። ይህን ሁሉ ልጅ ሳለሁ የነገረኝ ራሱ አባቴ ነው።

"አባዬ፣ አያቴ ባለርስት አልነበረም እንዴ?" አልኩት።

"እሱማ ነበር" አለ። ኩታውን አስተካከለና ወደ ጭሰኛው ታሪክ ተመለሰ።

አባቴ አልዋሸኝም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጎረምሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሬዲዮው የሚያወራው ስለ ጭሰኛና ስለ ባላባት ነው። በደቡብ የጭሰኛው መከራ የምር ነበር፤ አዋጁም ብዙ ሰው ነፃ አውጥቷል። ነገር ግን የአንዱ አካባቢ ታሪክ የአገሩ ሁሉ ታሪክ ሆኖ ተነገረ። ሲደጋገም የጎጃም ባለርስት ልጅም የራሱን አባት ረስቶ በዚያ ታሪክ ውስጥ ገባ።

ርዕዮተ ዓለም ሲባል መፈክር ይመስለናል። መፈክሩንስ ሰው ያውቀዋል፣ ሲፈልግ ይስቅበታል። የሚከብደው ምን ከምን ጎን እንደተቀመጠ፣ ምን እንደተተወ ማየት ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ቴሌቪዥኑ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀውን የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ አሳየ። ረሃቡም እውነት፣ ድግሱም እውነት። አንድ ላይ ሲሰፉ ግን ፍርድ ሆኑ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ከዚያ በፊት ደግሞ ያንኑ ረሃብ ያፈነው የንጉሡ መንግሥት ነው። ለእኔ ያ ዝምታም ከፊልሙ ባልተናነሰ ርዕዮተ ዓለም ነበር።

ቅዳሜ ተመልሼ ስለ 1960 ብቻ ልጠይቀው ነው። ማን ጠራቸው? የት ተሰበሰቡ? አያቴ ሲወጣ ለቤተሰቡ ምን ብሎ ወጣ? በስልኬ እቀዳዋለሁ። አባቴ ሰባውን አልፏል፤ ከሱ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።