ለገብርኤል አጥቢያ ተረኛ ነበርኩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለት አለብኝ። «ካወጣኸኝ ሥራህን እመሰክራለሁ» ብዬ ተስዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ያፈርኩት በእግዚአብሔር አይደለም፤ በራሴ ነው። የእሱ ቸርነት ሲነገር የኔም ጉድ አብሮ ይወጣላ።

በ2015 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አክስቴ ጋ ነው። (አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የዚያን ዓመት የታክሲ ብር በሙሉ ካንቺ ቦርሳ ነው የወጣው።) ለልምምድ የተመደብነው እዚያው ከከተማው ዳር ያለ አንድ ሆስፒታል ነበር። ስሙ ይቅር።

ኅዳር ላይ የማህፀንና ፅንስ ክፍል ተራችን ደረሰ። ሎግቡክ ተሰጠን። የሠራነው ሁሉ እየተጻፈ፣ በኃላፊ እየተፈረመ የሚሞላ ደብተር ነው። ከረድፎቹ አንዱ ውርጃ ይላል። ተማሪ ብቻውን አይሠራም። ግን መድኃኒቱን ያቀብላል፣ ኤም ቪ ኤ የሚሉትን፣ ማህፀን ውስጥ ያለውን በእጅ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ያዘጋጃል፣ አጠገብ ይቆማል።

እኔ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። «በሆድ ሳልሠራህ አውቄሃለሁ» የሚለውን የኤርምያስን ቃል ገና ማንበብ ሳልችል በቃሌ ይዤዋለሁ። ሐሳቤ ዛሬም አልተለወጠም።

መምህራችንን ለብቻው ላናግረው ፈልጌ ነበር። ሰው ፊት አናገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሕጉን አንድ በአንድ አስረዳኝ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ወይም የልጁ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ ወይም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ማሳደግ የማትችል ከሆነች ውርጃ ይፈቀዳል። ሌላም ጨመረልኝ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የጤና ባለሙያ «እምነቴ አይፈቅድም» ብሎ እንዲህ ያለውን አገልግሎት መከልከል እንደማይችል ይናገራል።

«ካልተፈረመ ኮርሱ አያልፍም። ልትማሪ ነው የመጣሽው ወይስ ልትጸልዪ?» አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። ያልሳቁት ሁለት ናቸው። አንዷ ሙስሊም ጓደኛዬ ናት፤ እሷም እንደኔው ጨንቋታል። ሁለተኛው ከገጠር የመጣ ልጅ ነው። ስወጣ ተከትሎኝ፣ «አክስቴ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ጠጥታ ነው የሞተችው። እኔ ይሄን ሥራ እፈልገዋለሁ። አንቺን ግን አልስቅብሽም» አለኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ተናድጄ ብቻ ሄድኩ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «ልጄ፣ ዳዊትሽን ድገሚ» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና በሳቸውም ተናደድኩ። ዳዊት ሎግቡክ አይፈርምም!

እንደዚያም ሆኖ ጸለይኩ። ጸሎቴ አንድ ነበር። «ጌታዬ፣ በኔ ተራ አይምጣብኝ።» አንድ ወር ሙሉ አልመጣም። እኔ ስወጣ ይመጣል፣ እኔ ስገባ ያልቃል። ጓደኞቼ «ሎተሪ ቁረጪ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ቅዱስ ገብርኤል ነው አልኩ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሦስቱን ልጆች፣ የአናንያን፣ የአዛርያንና የሚሳኤልን ታሪክ ይዤ ነበር የምለምነው። ንጉሥ ያዘዛቸውን እምቢ ያሉ ልጆች ናቸው። እኔም እምቢ ብያለሁ። ስለዚህ ከእሳቱ ያስቀረኛል።

ታኅሣሥ 18 የሌሊት ተረኛ ሆንኩ። ለገብርኤል አጥቢያ። ማኅሌት መቆም ሲገባኝ ጋውን ለብሼ ዋርድ ገባሁ። የገና ጾም ስለሆነ ሽሮዬን በፔርሙስ ይዣለሁ። የኮዬን የታኅሣሥ ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስኮቱ አይገጥምም፣ ንፋሱ መጋረጃውን እያነሳ ይጥለዋል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው ቤተ ክርስቲያን የከበሮና የጸናጽል ድምፅ በማይክራፎን ይመጣ ጀመር። ደስ አለኝ። «እዚህም ሆኜ ቆምኩ» አልኩ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ።

ሁለት ልጆች ሦስተኛዋን ደግፈው አስገቧት። የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ቂሊንጦ በኩል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። በነጠላ ጠቅልለዋታል። ነጠላው ግማሹ ደም ነው። የማልረሳው ግን ሽታውን ነው። የሚያውቅ ሰው ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከአምስት ቀን በፊት ለማስወረድ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ዘንድ ሄዳ ነበር። ሰውየው ሐኪም አይደለም።

የደም ግፊቷ 70 በ40። የልብ ምቷ 130። ትኩሳቷ 39.4። ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አልጠፉኝም።

ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፤ ሌላ እናት በቀዶ ጥገና እያዋለደ ነው። ያለነው ተረኛዋ ሚድዋይፍ ሲስተርና እኔ ነን። ሲስተር አንድ ክንድ ያዘች፣ «ሌላውን አንቺ!» አለችኝ። የደም ሥር ቱቦውን፣ ካኑላውን፣ አስገባሁ። ሪንገር የሚሉትን ፈሳሽ በደም ሥሯ ከፈትን። አንቲባዮቲኩን ሰጠን። እስከዚህ እጄ ሠርቷል።

ከዚያ ሲስተር ዞር ሳትል፣ «ኤም ቪ ኤውን አምጪ፣ ማህፀኗ ውስጥ የቀረ አለ» አለችኝ።

ቆምኩ።

ጉዴ ይሄ ነው። አንዲት ልጅ ፊቴ እየሞተች «ይሄ ያው ያልኩት ነገር ነው» ብዬ ቆምኩ። ይባስ ብሎም በሆዴ፣ «ራሷ ያመጣችው ነው» አልኩ። ብየዋለሁ። የሰማኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው። «ላምጣ» ብዬ ወጥቼ ዕቃ ቤት ገባሁ። መሣሪያው መደርደሪያው ላይ ነው፤ አየዋለሁ፤ አላነሳሁትም። በሩን ገፋ አድርጌ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት።

«ወር ሙሉ ለመንኩህ! አንድ ነገር ነው የለመንኩህ! ነርስነቱን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህ? በመልአክህ በዓል ቀን? አንተ የማን አምላክ ነህ?»

እንዲህ ብዬዋለሁ። አላለሳልሰውም። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ሲስተር በኋላ «አንድ ደቂቃ አይሞላም» አለችኝ። ለኔ ሌሊቱ በሙሉ እዚያ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው ያለፈው።

ከበሮው ያን ጊዜ ከፍ አለ። አእምሮዬ ላይ የመጣው ደግሞ ያልጠራሁት ቃል ነው። «እርሱ ባያድነን።» ሦስቱ ልጆች ለንጉሡ የተናገሩት። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እነሱ «አንሰግድም» ያሉት ለጣዖቱ ነው እንጂ እሳቱ ውስጥማ ገብተዋል። አራተኛው የታየው እሳቱ ውስጥ ነው። በር ላይ አይደለም።

በሩ ተከፈተ። ሲስተር ናት፤ ጓንቷ ደም ነው። አልጮኸችብኝም። የዚያን ወር ጭንቀቴን ታውቃለች።

«ልጄ፣ ፅንሱ ከሞተ ቀናት ሆኖታል። አሁን ያለችው እሷ ብቻ ናት። ለእሷ ነው የምልሽ» አለችኝ።

መሣሪያውን አነሳሁ።

የቀረውን ብዙ አልተርከውም፤ የልጅቷም ክብር አለ። መብራት ያዝኩ፣ ዕቃ አቀበልኩ፣ ግፊት ለካሁ። ከንፈሬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩ አልቆጠርኩም። መሃል ላይ ግፊቷ አልሰማ አለኝ። ሲስተር «ድገሚው» አለች። ደገምኩ። ምንም። «ድገሚው!» በሦስተኛው በጣም ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መዝሙር ሰምቼ አላውቅም።

የደም ዓይነቷ ኦ ፖዘቲቭ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው አንድ ከረጢት ብቻ ነው። የአምቡላንሱ ሹፌር፣ ስምህን ባልጠራም እግዚአብሔር ያውቅሃል፣ ብርድ ልብስህን ጥለህ ተነስተህ ከተማ ገብተህ ሁለት ከረጢት ይዘህ መጣህ። የጥበቃው አባባም፣ ጓደኞቿ በር ላይ ሲንቀጠቀጡ ካፖርትዎን አውልቀው የሰጡ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዓይኗን ገለጠች። እጄን ያዘችና «ፖሊስ ትጠሩብኛላችሁ?» አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነው። «አንጠራም» አልኳት። «ትሰድቡኛላችሁ?» አለችኝ ቀጥላ። መልስ አጣሁ። ተሳድቤ ጨርሼ ነበራ፣ በሆዴ። «አይ እህቴ» አልኩና ዞር ብዬ አለቀስኩ። ውጭ ካህናቱ ወረብ ላይ ናቸው።

ጠዋት ሲስተር ሎግቡኬን ተቀብላ ከውርጃ በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ ብላ ጻፈችና ፈረመች። መምህሩን ያናገረችውም እሷው ናት። ምን እንዳለችው አላውቅም። ከዚያ በኋላ የኔም የሙስሊሟ ጓደኛዬም ረድፍ በዚያ ዓይነት ኬዝ ብቻ ተሞላ። እኔ ወር ሙሉ የለመንኩት ከክፍሉ እንዲያወጣኝ ነው፤ እሱ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሕሊናዬ የማይከሰኝን ሥራ ሰጠኝ። የንስሐ አባቴን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። በሆዴ ያልኩትን ስነግራቸው ግን አልሳቁም፤ ቀኖና ሰጡኝ።

2016 ላይ የመውጫ ፈተናውን አልፌ ተመረቅኩ።

ጥያቄው አላለቀም። እኔም እንዳለሁ ነኝ። አሁን የምሠራው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው፤ ራሴ ጠይቄ የገባሁበት። ነገ ወዴት እንደሚያዛውሩኝ አላውቅም። ሲስተርን ስጠይቃት «ሴትየዋን እያየሽ አትሽሺ፤ ሌላውን ስንደርስ እናየዋለን» ትለኛለች።

ልጅቷ ስሟን ሳልጠራ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። አሁን ያንን ፋብሪካ ትታ ሌላ ሥራ ይዛለች። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ጠዋት ትደውላለች። ስለዚያች ሌሊት አንስታ አታውቅም። «እንኳን አደረሰሽ። ዛሬ ሥራ ነሽ?» ትለኛለች።

«ሥራ ነኝ» እላታለሁ።