ያልተከፈተልኝ በር

እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ልመሰክር ስንት ጊዜ ተነስቼ ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ዛሬ ልንገራችሁ።

አውሮፕላን እፈራለሁ። በተለይ በሩን። አየር ላይ አንዱ ብድግ ብሎ እጀታውን ቢስበውስ? ጸሎቴ ሁሌ ያው ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ በሩን ዘግተህ ጠብቅልኝ።»

የዚያን ቀን ወንበሬ ከበሩ አጠገብ ሆነና አረፈው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው አስተናጋጅ እጀታው ላይ ማፍጠጤን አይታ ሳቀች። «አይዞሽ እህቴ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ስንት ጎረምሳ ቢረባረብ አይከፍተውም» አለችኝ። በሩ ከውስጥ እንደተወተፈ ውታፍ ነው። የውስጡ አየር ከውጭው ስለሚበልጥ ከማቀፊያው ጋር ያጣብቀዋል፤ በሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት በቶን ነው የሚቆጠረው።

ከበሩ ግርጌ ያበጠውን ነገርም አሳየችኝ። በአደጋ ጊዜ ተንሸራተን የምንወርድበት፣ በአየር የሚነፋው ስላይድ እዚያ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከመነሳታችን በፊት በብረት ዘንግ ከወለሉ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ በሩ ከተከፈተ ስላይዱ ተስቦ ይወጣና በታመቀ ጋዝ ይነፋል፤ 6 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። «ስንደርስ መፍታቱን ከረሳን ደግሞ ጉድ ነው» ብላ አሳቀችኝ።

ስናርፍ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጭስ ገባ። መብራት ጠፋ። «ቀበቶ ፍቱ! ዕቃ ተዉ! ሂል ጫማ አውልቁ!» ተረከዝ ስላይዱን ይበሳዋል። አውልቄ ወረወርኩና ወደ በሩ ተንደረደርኩ። «ጌታ ሆይ፣ ክፈተው!» እያልኩ ነው።

እሷ ግንባሯን ትንሿ መስኮት ላይ ለጥፋ ወደ ውጭ አየች። ከዚያ ዞራ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች፤ ሁለት እጇን ዘረጋች። «ይሄ አይከፈትም! ወደዚያ!»

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። በእሷም፣ በእግዚአብሔርም። እድሜ ልኬን እንዲዘጋ የለመንኩት በር፣ ክፈትልኝ ባልኩበት ሰዓት ተዘጋብኝ!

ከጀርባችን ያለው በር ተከፈተ። ፉሽሽ አለ። ሰው እየገፋኝ ደረስኩ፤ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ዘለልኩ። ስላይዱ የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ያንደረድራል። ክርኔን ልጦኛል።

እየሮጥኩ ዞር ብዬ አየሁ። በእኔ በር በኩል ያለው ሞተር እሳት ይዟል። ነበልባሉ ስላይዱ ሊዘረጋበት የነበረውን ቦታ እየላሰ ነው። ያ በር ቢከፈት መጀመሪያ የምዘልለው እኔ ነበርኩ። እሳቱ ውስጥ።

አንድ ዓይነት አውሮፕላን ሰው እንዲያጓጉዝ ከመፈቀዱ በፊት በግማሹ በር ብቻ ሁሉም በ90 ሰከንድ እንደሚወጣ መረጋገጥ እንዳለበት ኋላ ላይ አነበብኩ። እኛም በግማሹ ወጣን። አንድም ሰው አልቀረም። ስሙ ይባረክ!

አስተናጋጇ መጨረሻ ላይ ወረደች። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ዝቅ ብላ እግሬን አየችና «ጫማሽስ?» አለችኝ።