አየሩ ቀላል ነው፣ የሚያስለቅሰው ነዳጁ ነው

አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝታችሁ፣ ሮዳጁን ጨርሳችሁ፣ "ትንሽ ጉልበት ብጨምርላትስ?" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ይህን አንብቡ። እኔ ያኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ያገኘኋቸው ዕቃ ሻጮችን ነው። ዕቃ ሻጭ ደግሞ የሚነግራችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዲህ ነው። 1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ጭስ ማጽጃ፣ ካታሊስቱም፣ በደንብ የሚሠራው ቅልቅሉ እዚህ ቁጥር አካባቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ እንደ ዩሮ 4 እና ዩሮ 5 ያሉትን የጭስ ደንቦች ማለፍ ያለበት ፋብሪካ፣ ቀስ ብለን ስንነዳ ቅልቅሉን እዚያው 14.7 ላይ ያስረዋል። ጉልበት ያለው ግን ከዚያ ወረድ ብሎ፣ 13 አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ነዳጁ ትንሽ በዛ ሲል።

ቀላሉን ሥራ ቶሎ ልለፈው። መቀመጫውንና የነዳጅ ታንኩን (ሰልባትዮውን) አነሳሁ። የወረቀቱን ፊልትሮ አውጥቼ ዘይት የሚቀባውን የጥጥ ፊልትሮ አስገባሁ። ፊልትሮው የሚቀመጥበትን የአየር ሳጥን አፍ የሚያጠብበውን የጎማ ቱቦ ነቀልኩ። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) በቀለል ያለ ቀየርኩት። ካታሊስቱ ከማርሚታው በፊት ስለሆነ አልነካሁትም፤ እናንተም አትንኩት። ዕቃውን ስመልስ የቱቦ ማሰሪያ ፋሼታዎቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ ጀምሬ ሳይመሽ አለቀ።

ድምፁማ አንጀት ያርሳል። ችግሩ ድምፅ ሲጨምር ጉልበትም የጨመረ ይመስላል። ጆሮ ትልቅ ውሸታም ነው።

ሻጩ "ነዳጁን የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱ ያስተካክለዋል፣ አንተ ምንም አትንካ" ብሎኝ ነበር። ከፊልትሮው ጋር የመጣው ወረቀትም እንዲሁ ይላል። ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት የባሰ ያሳስታል። ኮምፒውተሩ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሚለካው ሴንሰር እየተመራ ነዳጅ የሚያስተካክለው በእርጋታ ስንነዳ ብቻ ነው። ነዳጅ በደንብ ስንሰጥ ሴንሰሩን መስማት ያቆምና ፋብሪካው በጻፈለት ሠንጠረዥ ይሄዳል። ሠንጠረዡ የተጻፈው ለድሮው ፊልትሮና ለድሮው ማርሚታ ነው። አየሩ ጨምሮ ነዳጁ ባለበት ከቀረ ቅልቅሉ ይሳሳል። የሳሳ ቅልቅል ጭነት ላይ ሲሆን ደግሞ ሙቀትና ኖኪንግ ያመጣል፤ ኖኪንግ ማለት ነዳጁ ያለ ሰዓቱ ፈንድቶ ሞተሩን ሲያንኳኳ ነው።

ስለዚህ ወደ አስተካካይ ሄድኩ። ታዋቂ ነው፣ ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) አለው፣ ግድግዳው በውድድር ፎቶ ተሞልቷል። በኮምፒውተሩና ነዳጅ በሚረጨው ኢንጀክተር መካከል የምትገባ ትንሽ ሳጥን ገጠመልኝ፣ ዝግጁ ማፕ (የነዳጅ ሠንጠረዥ) ጫነባት፣ ዳይኖው ላይ አንድ ሁለቴ አስጮኻትና ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ወረቀቱ ያምራል። የጉልበቱ መስመር ከድሮው ከፍ ብሏል፣ ቅልቅሉም 12.9 ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ከጋራዡ ወጥቼ መንገድ ስገባ ጉዱ መጣ። ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ላይ ሆኖ፣ የነዳጁን እጀታ ሳላንቀሳቅስ፣ ሞተር ሳይክሏ ራሷ ትገፋለች፣ ራሷ ትይዛለች። ትገፋለች፣ ትይዛለች። ለመቅደም ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ መጀመሪያ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ከዚያ በድንገት ትስፈነጠራለች። ከኩርባ ስትወጡ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም።

ተመለስኩ። "ንዳት ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ እየለመደ ይሄዳል" አለኝ። ነዳኋት፤ ባሰባት። እንደገና ስመለስ ጥፋተኛው ቤንዚኑ ሆነ። ቀጥሎ ካንዴላው። ካንዴላ ቀየርኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን አንስቶ "ይኸው 12.9፣ ማሽኑ አይዋሽም" አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል። እውነቱን ነው፣ ማሽኑ አልዋሸም። ወረቀቱን ግን ልብ ብላችሁ ብታዩት ከ5000 ዙር ይጀምራል፣ የተለካውም እጀታው እስከ መጨረሻው ተጠምዞ ነው። እንደዚያ የሚነዳ ማን ነው? እኔ አብዛኛውን ጊዜ እጀታውን ሩብ እንኳ አልጠመዝዝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ራሴ ያዝኩት። ፋብሪካው የሚገጥመው ሴንሰር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅልቅሉ ከ14.7 በላይ ነው ወይስ በታች። በስንት እንደራቀ አይናገርም። ስለዚህ ቅልቅሉን በቁጥር የሚናገር ዋይድባንድ ሴንሰር ከነማሳያው ገዛሁ። ከካታሊስቱ በፊት ባለው ቱቦ ላይ ማሰሪያውን አስበየድኩ። ሴንሰሩ ከአግድም ቢያንስ 10 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት፤ ካልሆነ ውስጡ ውኃ ይጠራቀምና ይሞታል።

ማሳያውን ከመሪው አጠገብ አሥሬ ወጣሁ። እጀታውን በአንድ ቦታ ስይዝ ቁጥሩ 14 እና 15ን እያለፈ ይመላለሳል፤ መግፋትና መያዟም ከእሱ ጋር እኩል ነው። ነዳጅ ጨመር ሳደርግ ቁጥሩ ከ16 በላይ ይዘላል፤ ትንፋሿ የሚቆረጠውም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ 13 ይወርድና ትስፈነጠራለች።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ሳጥኗ ነዳጅ ትጨምራለች። የፋብሪካው ሴንሰር "በዛ" ይላል። ኮምፒውተሩም ይቀንሳል። አንዱ በር ሲከፍት ሌላው ከኋላው እየተከተለ እንደሚዘጋ ዓይነት። የከፋው ደግሞ ኮምፒውተሩ "ይህን ያህል መቀነስ አለብኝ" ብሎ መማሩ ነው። የተማረውን ቅነሳ ሴንሰሩን ወደማይሰማበት ክልል ይዞት ይሻገራል፤ ነዳጅ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ነዳጁን ይነፍገኛል። ስነዳት የባሰባት ለዚህ ነው። "እየለመደ ይሄዳል" የተባለው ለካ እውነት ነበር፤ የለመደው ግን መጥፎውን ነው።

መፍትሔው ሲታወቅ ያናድዳል። የሳጥኗን ሠንጠረዥ ከፍቼ፣ ሴንሰሩ በሚሠራበት ክልል ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ዜሮ አደረግኩ። የኮምፒውተሩን ትምህርት አጠፋሁ። ከዚያ ክልል ስትወጣ ደግሞ ቅልቅሉ በአንዴ እንዳይወርድ ደረጃ ሠራሁለት፤ 14.2፣ 13.6፣ ከዚያ 13። አንድ ቦታ አስተካክዬ እወጣለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ ተመልሼ ሌላውን አስተካክላለሁ። አድካሚ ነው፤ ግን ባለ ዳይኖው ያልሠራው ሥራ ይኼው ነው። ዛሬ በሁለት ጣት ነዳጅ ሰጥቼ ከኩርባ ስወጣ እንደ ክር ትሳባለች። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም።

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምር። ነዳጁ ከተስተካከለ በኋላ የነቀልኩትን የጎማ ቱቦ ለሙከራ መለስኩት። መካከለኛው ዙር ላይ ጉልበቷ ጨመረ! የአየር ሳጥን ዝም ብሎ ባዶ ዕቃ አይደለም። ስፋቱና የአፉ ርዝመት ተሰልቶ የተሠራው፣ ቫልቩ ሲከፈት የአየሩ ግፊት በልኩ እንዲደርስ ነው። አፉን ስትከፍቱት ከላይኛው ዙር ላይ ምናልባት ትንሽ ታገኛላችሁ፣ በየቀኑ ከምትነዱበት ዙር ላይ ግን ትከፍላላችሁ። የጥጡንም ፊልትሮ በወረቀቱ ቀይሬ ሞከርኩ። ልዩነቱን መቀመጫዬም ማሳያውም አላወቁትም። አሁን ያለው የወረቀቱ ነው። የአየር ሳጥኑን ጭራሽ አውጥታችሁ ክፍት ፊልትሮ ልትገጥሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት።

ስለ ዋስትና ደግሞ ስሙኝ። የፊት ሹካዬ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ሞተር ሳይክሏን ወደሸጠልኝ ድርጅት ወሰድኳት። ሰውየው ሹካውን ከማየቱ በፊት መቀመጫውን አንስቶ ሳጥኗን አየ። "ተነካክታለች፣ ዋስትና የለም" አለ። ሹካና ኢንጀክተር ምን አገናኛቸው? ብል ብሠራ አልሰማኝም፤ ዘይቱን የሚይዘውን የሹካውን ጎማ ከራሴ ኪስ አስቀየርኩ። ስለዚህ የወለቀ ዕቃ እንዳትጥሉ። ወደ ሰርቪስ ስትሄዱ ሳጥኗን ነቅላችሁ፣ የድሮውን ማርሚታ መልሳችሁ ሂዱ። የኮምፒውተሩን የራሱን ሠንጠረዥ እንደ አዲስ የምታስጽፉ ከሆነም፣ የሚነበብ ከሆነ መጀመሪያ የፋብሪካውን ፋይል አስወጥታችሁ ያዙት።

ቅደም ተከተሉን እንደ አዲስ ብጀምር ዋይድባንዱን ቀድሜ ገጥሜ፣ ምንም ሳልቀይር ቁጥሯን አይ ነበር። ከዚያ ማርሚታ፣ ከዚያ ነዳጅ። ፊልትሮው ባይቀየርም ግድ የለም። ወደ አስተካካይ የምትሄዱ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ "ሩብ እጀታ ላይ ትለካለህ ወይ?" ከሳቀ ውጡ።

ዋይድባንዱን ሥራው ሲያልቅ ንቀሉትና ቀዳዳውን በቡሎን ድፈኑት። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ጭስ ውስጥ ከተቀመጠ ጥላሸት ይበላዋል፤ ለሚቀጥለው ማስተካከያ አይደርስላችሁም።