የእሳት ልጅ አመድ

እማዬ የተወለድኩበትን ሰዓት ረስታው አታውቅም። «እሁድ፣ የሰኔ በዓታ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች» ትላለች። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ፣ ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2017 ነው። ጓንግዡ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሻኦቤይ አካባቢ ለሚመጡ ነጋዴዎች አስተረጉማለሁ። ጠዋት ጅምላ ገበያ፣ ከሰዓት ፋብሪካ፣ ማታ ካርጎ። ሥራው ሲያልቅ እኔ አልበርድም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው። አፌ ውስጥ ቁስል ይወጣል፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይተካል። ቁጣዬማ አይነሳ። አንድ ደንበኛዬ ላይ በሰው ፊት ጮህኩበት። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም፤ ዋጋውን ሁለቴ ስለጠየቀኝ ብቻ ነው። ፊቱ ዛሬም አይጠፋኝም።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ማንም ሰው ከዚያ ነው መጀመር ያለበት፤ በተለይ የአፍ ቁስል ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ። ተመርምሬ የከፋ ነገር አልተገኘብኝም። «ቡና ቀንሺ፣ እንቅልፍ ተኚ» ተባልኩ። እንዴት እንደምተኛ ግን የነገረኝ የለም።

ታች ፎቅ ያሉትን ጎረቤቴን አዪ እላቸዋለሁ። አክስቴ እንደማለት ነው። እዚያው ጓንግዡ ተወልደው እዚያው ያረጁ ሴት ናቸው። ከንፈሬን አዩና «ሻንግ ሁዎ» አሉ፤ እሳትሽ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። እዚያ አገር ይህ ቃል ሳይነሳ የሚውልበት ቀን የለም። ጥብስ ካበዛህ እሳት፣ ካመሸህ እሳት፣ ከተናደድክ እሳት። «አንዲት ላይቺ፣ ሦስት እሳት» የሚል አባባልም አላቸው። ላይቺ ጣፋጭ ፍሬ ናት፤ ስትበዛ ግን ጉሮሮ ታቃጥላለች ይላሉ።

ወደ ሽማግሌው የወሰዱኝም አዪ ናቸው። ሽማግሌው ባዚ ያነባሉ። እኔ በክርስትና ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሌን ለመጠየቅ አልሄድኩም። የሄድኩት አኗኗሬ ስለጠፋኝ ነው።

ባዚ «ስምንት ፊደል» ማለት ነው፤ ቻይናዎች ከልደት ሰዓት የሰውን ባሕርይና ዕድል የሚያነቡበት ዘዴ። የተወለድክበት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል አላቸው። የላይኛው የሰማይ ግንድ ይባላል፤ አሥር ዓይነት ነው። የታችኛው የምድር ቅርንጫፍ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓይነት፣ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር እያለ የሚሄደው። ሁሉም ከአምስቱ ባሕርያት የአንዱ ወገን ነው፦ የእንጨት፣ የእሳት፣ የአፈር፣ የብረት ወይም የውሃ። የእኛ አራቱ ባሕርያት መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው። እነሱ ጋ ነፋስ የለም፤ በምትኩ እንጨትና ብረት አለ። ደግሞም ይዋለዳሉ። እንጨት እሳትን ይወልዳል፣ እሳት አፈርን፣ አፈር ብረትን፣ ብረት ውሃን፣ ውሃ ተመልሶ እንጨትን። ይህን መዋለድ ልብ ብዬ ብሰማው ኖሮ ብዙ ባልተንገላታሁ ነበር።

ሽማግሌው ሰዓቴን ሲጠይቁኝ «ስድስት» አልኳቸው። በእኛ አቆጣጠር ነዋ! እሳቸው ደግሞ በነሱው ስድስት፣ ማለትም ንጋት 12 ሰዓት አድርገው ጻፉት። የጥንቸል ሰዓት ሆነ። በዚያ ስሌት እሳት አራት፣ ብረት ሁለት፣ ውሃ አንድ፣ እንጨት አንድ ወጣልኝ። አፈር ምንም። «እሳቱ ብዙ ነው፤ ብረቱ ግን ውሃውን ያግዛል። ውሃሽን አጠንክሪ» አሉኝ።

እኔ እሳት ማጥፋት ጀመርኩ። ጥቁርና ሰማያዊ ብቻ መልበስ ያዝኩ፤ የውሃ ቀለም ነው። አልጋዬን ወደ ሰሜን አዞርኩ፤ የውሃ አቅጣጫ ነው። ማታ ማታ ዋና ሄድኩ። የምጠጣው ሁሉ በረዶ ያለበት ሆነ። በርበሬዬን ቋጥሬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊያንግ ቻ አበዛሁ። ሊያንግ ቻ ከዕፅዋት የሚፈላ የደቡብ ቻይና መጠጥ ነው፤ በፈረንጆች 2006 ላይ በአገሪቱ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በየመንገዱ ጥግ ትልቅ ቅል የመሰለ የመዳብ ማፍያ ያቆመ ሱቅ ታያለህ። «ሃያ አራት ጣዕም» የሚባለውን ነው የምጠጣው። ጥቁር ነው፣ ከኮሶ ባልተናነሰ ይመራል። በቀን ሁለት ጎድጓዳ ሳህን እጨልጥ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሆዴ ተበላሸ። የጁላይ ሙቀት ልብስ በሚያጣብቅበት ከተማ ጣቶቼ በረዱ። ቁስሉ አልዳነም። እንቅልፍም አልመጣም።

አዪ ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። «እሱ እኮ መድኃኒት እንጂ ውሃ አይደለም! የታመመ ቀን ይጠጡታል፣ ይተዉታል!» መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አደረጉና «አፈርሽ እዚህ ነው» አሉኝ። በቻይና ሕክምና ልብ የእሳት ነው፤ ጨጓራና ጣፊያ የአፈር። በሰንጠረዤ ላይ የጠፋውን አንድ ባሕርይ እኔው ራሴ በየቀኑ በቀዝቃዛ ውሃ ሳጥበው ከርሜያለሁ። ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማታ ወደ እማዬ ደወልኩ። ስለ ሰዓቱ አልነበረም፤ ስለ ሆዴ ነው። እሷ ግን እንደልማዷ «አንቺ ድሮም የቀትር ልጅ ነሽ» አለችኝ። ቀትር! በማግስቱ እየሮጥኩ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ከባሕር ማዶ የተወለደ ሰው ባዚ ሲያሠራ ይህን ልብ ይበል፦ የኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት በእነሱ አሥራ ሁለት ነው። ወደ ቤይጂንግ ሰዓትም አይቀየርም፤ የሚፈለገው የተወለድክበት አገር ፀሐይ ነው። ጠንቃቃ የባዚ አንባቢ እንዲያውም ከአዲስ አበባ ሰዓት ላይ 25 ደቂቃ ያህል ይቀንሳል፤ ከተማዋ ሰዓታችን ከተለካበት መስመር ወደ ምዕራብ ስለምትርቅ። ሰኔ 3 ቀን 1982፣ በፈረንጆች ጁን 10 ቀን 1990፣ ቀትር። ሽማግሌው አዲስ ወረቀት አውጥተው ጻፉ። ዓመቱ ፈረስ። ወሩ ፈረስ። ቀኑ ፈረስ። ሰዓቱም ፈረስ። ፈረስ ደግሞ እሳት ነው፣ በእነሱ አገር የበጋ እኩሌታ እሳት።

ብዕራቸውን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ስምንቱ ፊደላት ውስጥ አምስቱ እሳት ናቸው። ብረት አንድ፣ ውሃ አንድ። ሰዓቱ ላይ ደግሞ እንጨት ወጣ፤ እሳቱን የሚቀልብ። «ፈረስ ፈረስን ሲያገኝ ራሱን ይቀጣል» አሉ። ከዚያ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የመንግዚን ምሳሌ ነገሩኝ፦ አንድ ጋሪ ሙሉ እንጨት ሲነድ በአንድ ኩባያ ውሃ ለማጥፋት የሮጠው ሰው። ውሃው እሳቱን አያጠፋውም፤ ያስቆጣዋል እንጂ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳቸው። «ይውለድ» አሉኝ። «እሳት ልጁን ሲወልድ ይረጋጋል። ልጁ አፈር ነው።»

የእሳት ልጅ አመድ። እኛ ይህን የምንለው አባቱን ያልመሰለ ልጅ ስናይ ነው፤ ለስድብ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግን ተረቱ ተገለበጠብኝ። አመዱ እኮ ነው እሳቱን የሚያሳርፈው። ከሰል ለማሳደር ፍም ላይ አመድ የምናለብሰው ለምን ሆነና?

ሌላ የባዚ አንባቢ ደግሞ «እንዲህ የበዛ እሳት አይነካም፤ ተከተዪው» ብሎኛል። ይህም በባዚ የታወቀ መንገድ ነው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ተከትዬው የት እንዳደረሰኝ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀትርን ለቀቅኩ። ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 7 የፈረስ ሰዓት ነው፤ የልብ ሰዓትም ይሉታል። ያኔ ዋጋ አልከራከርም፣ ስልክ አላነሳም፤ ሃያ ደቂቃ ጋደም እላለሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ አኮረፉ፣ በኋላ ለመዱት። ማታ ደግሞ የአይጥ ሰዓት ከመግባቱ በፊት፣ ከ5 ሰዓት በፊት ማለቴ ነው፣ አልጋ ላይ ነኝ። ከመተኛቴ በፊት እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። አዪ እሳቱን ወደ ታች ይስበዋል ይላሉ። እኔ የማውቀው ከአሥር ቀን በኋላ ሌሊት መንቃት ማቆሜን ነው። የኮከቡ ነው የእንቅልፉ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ባዚው ባይሆን ኖሮ ለቀትር ዕረፍቴ ማንንም እሺ አላሰኝም ነበር፤ ራሴንም ጭምር።

ትልቁ ትምህርት ቤቴ ግን የአዪ ወጥ ቤት ነው። ጓንግዡ ላኦ ሁዎ ታንግ የሚባል ሾርባ አለ፤ «ያረጀ እሳት ሾርባ» ማለት ነው። አዪ የሎተስ ሥር ይቆራርጣሉ። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ቢላው ሲያልፍበት እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ይስባል። ለውዝ፣ ቀይ ቴምር፣ የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ ይጨምራሉ። ሁሉም ሸክላ ድስት ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ እሳቱ ኃይለኛ ነው። እሱን ዉ ሁዎ ይሉታል፣ የወታደር እሳት። ሾርባው ገንፍሎ ክዳኑ ሲንቀጠቀጥ አዪ ጎንበስ ብለው ማዞሪያውን ይቀንሳሉ። ሰማያዊዋ ነበልባል እንደ ጥፍር ታንሳለች። ይህ ዌን ሁዎ ነው፣ የተማረ ሰው እሳት። እንዲያ ሆኖ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ሾርባውን የሚያበስለው ይህ ሁለተኛው ነው። «አየሽ፣ አላጠፋሁትም» አሉኝ አንድ ቀን። ያቺ ቃል ከሁሉም ምክር በላይ ጠቅማኛለች። ደንበኛ ሲያስቆጣኝ እጄ ኪሴ ውስጥ የማትታይ ማዞሪያ ይዞራል።

ሾርባው ሆዴን መለሰልኝ። በረዶ ተውኩ፤ ሞቅ ያለ ነገር፣ ዱባ፣ ማሽላ፣ ቀጭን የሩዝ ገንፎ ያዝኩ። ማሾ አፍልቼ በስኳር የምጠጣው በጣም የሞቀ ቀን ብቻ ነው። በርበሬዬ ተመልሷል፣ በልኩ። ቡናን በተመለከተ ከብዶኝ ነበር። የእሳት ጣዕም መራራ ነው፣ ቡና ደግሞ ሌላ ምን አለው? አሁን የአዘቦት ቀን አንድ ስኒ ጠዋት፣ እሁድ ሦስቱንም ከነረከቦቱ። የልብሱና የአልጋው ነገር? እውነቱን ለመናገር ብዙም ለውጥ አላየሁበትም። ዛሬ ደስ ያለኝን እለብሳለሁ።

አፈሩን ቃል በቃልም ወሰድኩት። ጓንግዡ ሰው በየበረንዳው በነጭ የፎም ሳጥን አትክልት ይዘራል። አንዲት ነጋዴ የጎመን ዘር ከአገር ቤት አመጣችልኝ። አራት ሳጥን ሞላሁ። የእሁድ ቡና ከሰል ሲበርድ አመዱን አፈሩ ላይ እበትናለሁ፤ ብዙ አይደለም፣ አንድ እፍኝ። ጎመኑ ሲደርስ ለአዪ ደጃፍ ላይ አንጠለጥላለሁ። ሽማግሌው «ይውለድ» ያሉኝ ይኸው ይመስለኛል።

ይህን አሁን የምጽፈው በምክንያት ነው። የፈረንጆች 2026 የእሳት ፈረስ ዓመት ነው፤ በየ60 ዓመቱ አንዴ ይመጣል። በባዚ አቆጣጠር ፌብሩወሪ 4 ገባ፤ ሕዝቡ በዓሉን ያከበረው ፌብሩወሪ 17 ነው። ያለፈው 1966 ነበር። ጃፓን ውስጥ በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ለባሏ አትሆንም የሚል አጉል እምነት ስለነበር ሰው መውለድ ፈራ። 1965 ላይ 1.82 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የልጆች ቁጥር ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ፤ በተከታዩ ዓመት 1967 ተመልሶ 1.94 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ሳነብ ልቤ ያዝናል። የእኔ የቀን ፊደል እኮ ራሱ የእሳት ፈረስ ነው። እሳት የበዛበት ሰው የሚሸሹት አይደለም፤ የሚይዘው ድስት ያጣ ነው።

ደግሞ ዓመቱ የራሴ ነው፤ 36 ዓመቴን እደፍናለሁ፣ የፈረስ ልጅ በፈረስ ዓመት። ቻይናዎች በራስህ እንስሳ ዓመት ክፉ እንዳያገኝህ ቀይ ልበስ ይላሉ። ቀይ ደግሞ እሳት ነው። ምን ላድርግ ብዬ ስጨነቅ አዪ የበዓሉ ዋዜማ ላይ መጥተው ሳይጠይቁኝ ቀይ ክር እጄ ላይ አሰሩልኝ። ሰንጠረዤን ከእኔ እኩል ያውቁታል። ቀና ብዬ ሳያቸው አንጓዬን ገልበጥ አደረጉልኝ። ክሩ ላይ አንዲት የሸክላ ዶቃ ሰክተዋል።