«ዲ ድራይቬ የት ሄደች?»፦ የሊኑክስ መጫኛ ስሠራ የደረስኩበት

ሥራው አንድ ገጽ ላይ ተተክሎ ሰነበተ፤ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ። አዲስ ለምትከታተሉ፣ የምሠራው ለጎንደር ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች የሚመች፣ በዊንዶውስ ፈንታ ወይም ከጎኑ ኮምፒውተርን የሚያሠራውን ሊኑክስን የሚጭን ፕሮግራም ነው፤ የተመሠረተውም ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ፒያሳ አካባቢ ካየኋቸው ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የላቸውም፤ ሊኑክስን ያሰብኩት ለዚህ ነው።

መጫኛውን ከባዶ አልጻፍኩትም። ዴቢያን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በላይቭ ምስሎቹ (ሳይጫኑ ከፍላሽ በሚነሡት ቅጂዎች) የሚያቀርበውን ካላማሬስ የተባለ መጫኛ ወስጄ ገጾቹን እንደገና እየደረደርኩ ነው። ካላማሬስ መጀመሪያ ጥያቄውን ጠይቆ ይጨርሳል፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ እስኪጫን ድረስ ዲስኩን አይነካም። ትልቅ በጎነት ነው፤ ግን ተጠቃሚው ይህን በምን ይወቅ? በየገጹ ግርጌ «እስካሁን ምንም አልተነካም» የሚል መስመር አስገባሁ። «ቀጥል» የሚለውን ለመጫን ያመነቱ የነበሩ ሰዎች አሁን ዘና ብለው ያልፋሉ።

ዲስኩ ገጽ ላይ ግን ይህ አልበቃም። ሊሞክሩልኝ የተቀመጡ አንድ የኮፒ ቤት ባለቤት እዚያ ሲደርሱ እጃቸውን ከማውሱ አነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ዲ ድራይቬ የት ሄደች?»

«እዚሁ አለች ጋሼ፤ ሊኑክስ በዚያ ፊደል አይጠራትም እንጂ።»

«ታዲያ እኔ በምን ልለያት?»

እውነታቸውን ነው። ገጹ ኤስዲኤ1፣ ኤስዲኤ2 እያለ ባለቀለም አሞሌ ይደረድራል፤ እርሳቸው የሚያውቁት የደንበኛ ሠርግ ፎቶና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የተቀመጠባትን ዲን ነው። አሁን መጫኛው እያንዳንዱን ፓርቲሽን (እንደ ዲ ያለውን የዲስክ ክፍልፋይ) ከፍቶ መጠኑንና ውስጡ ካሉት ፎልደሮች የጥቂቶቹን ስም ያሳያል። የሚከፍተው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ፈጣን ማስጀመሪያው በርቶ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ በዚያ ሁኔታ ላይ መጻፍ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ማረጋገጫው ገጽም እነዚያኑ የፎልደር ስሞች ይዞ «የሚጠፋው» እና «የማይነካው» ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። ጋሼ ዲን ከሁለተኛው ረድፍ ካገኟት በኋላ ነው መነጽራቸውን አስተካክለው የቀጠሉት።

ቀጥሎ መብራት። ካላማሬስ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ጋር መያያዙን ይፈትሻል፤ ፈተናውን ግዴታ አደረግሁት፣ ኢንተርኔትን ግን ከግዴታ አወጣሁት። ዳሩ ግን ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ይህን ፈተና ሁልጊዜ ያልፋል፤ መብራት ሲሄድ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋውም እርሱ ነው! ለሊኑክስ ቦታ ለማስለቀቅ ፓርቲሽን እየጠበበ ሳለ ከጠፋ ደግሞ የፋይሎቹ ነገር አያድርስ ነው። ስለዚህ ዴስክቶፕ ከሆነ «ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከሌለ ማጥበብ የሚለው ምርጫ አይታይም፣ ቀድሞ ባዶ በሆነ ቦታ ላይ ብቻ ይጫናል።

ሰዓት ላይ ጥያቄ ሳልጨምር ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፤ ዊንዶውስ በአገር ውስጡ። ሁለቱ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ዊንዶውስ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ባለቤቱም ባትሪው ሞቷል ብሎ ጠጋኝ ይጠራል። መጫኛዬ ዊንዶውስን ካገኘ ሊኑክስም የአገር ውስጡን እንዲይዝ ያደርጋል። ይህ አሠራር የሚነቀፈው በክረምትና በበጋ ሰዓት በሚቀያየርባቸው አገሮች ነው፤ እኛ ዘንድ ሰዓት ስለማይቀየር ነቀፌታው አይደርስብንም። የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ አድርጌዋለሁ፤ የካላማሬስ ናሙና የማዋቀሪያ ፋይል ኒው ዮርክ ነው የሚለው።

ያልተፈታው ቢትሎከር፣ ዲስክን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ነው። በእርሱ የተቆለፈ ፓርቲሽን የፎልደር ስም አያሳይም፤ ለጊዜው «ተቆልፏል፤ መጀመሪያ በዊንዶውስ ይክፈቱት» ብሎ መጫኛው ይቆማል። ቁልፉን እዚያው ገጽ ላይ ተቀብሎ ለማንበብ ብቻ የሚከፍት ሞጁል ጀምሬያለሁ፤ በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ኮዱን አብረን ብናየው ደስ ይለኛል።